የጥጃዋ ጭርት

በመሳቢያዬ ውስጥ የአንድ የላቦራቶሪ ውጤት ቅጂ አስቀምጫለሁ። ከላይ የልጁ ዕድሜ ሰባት ዓመት ይላል። ቀጥሎ አድራሻው አለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ሐሙሲት ከመድረሱ በፊት ወደ ጣና ዳር የምትታጠፍ ቀበሌ ናት። የናሙናው ዓይነት «የራስ ቅርፊትና ፀጉር» ተብሎ ተሞልቷል። ከሁሉም ግርጌ፣ ለማንበብ በማያስቸግር የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ «ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም» የሚል የፈንገስ ስም ሰፍሮ ፊርማዬ አርፎበታል። ስሙ ስህተት ነበር። ይህን ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ወረቀቷን ግን መጣል አልቻልኩም።

ልጁ ድኗል። የታዘዘለት መድኃኒት ግሪሲዮፉልቪን ነበር፤ ትክክለኛውን ስም ጽፌ ቢሆን ኖሮም የሚታዘዝለት ያው ግሪሲዮፉልቪን ነበር። ስህተቴን ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው ዕለት አንድ የማከብረው ሐኪም «መድኃኒቱ አንድ ከሆነ ስሙ ምን ይጨምራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጥያቄው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። አሁን የምጽፈው በዚያ ኮሪደር ቆሜ ልናገረው ያልቻልኩትን ነው።

## ሐምራዊ ያልሆነው ቫዮላሲየም

ቆረቆርን ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ብዙዎቻችን በራሳችን ወይም በታናናሾቻችን ራስ ላይ አይተነዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ቆረቆር የሚለው አንድ ቃል ብዙ ፈንገሶችን አዝሎ ይመጣል፤ ከእነዚህም መካከል በአገራችን ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። የቫዮላሲየም ቤቱ ሰው ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በምላጭ፣ በቶንዶስ፣ በጋራ ትራስና በጋራ ሻሽ ይሄዳል። የዚያው ወገን የሆነው ትሪኮፋይተን ቬሩኮሰም ደግሞ ቤቱ ከብት ነው፤ በጥጃ ዓይን ዙሪያና ግንባር ላይ አመድማ ቅርፊት ሆኖ ይቀመጥና ከብቱን ወደሚያስረው፣ ወደሚያልበው፣ አንገቱን ወደሚያቅፈው ሰው ይሻገራል። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው፤ በአንዱ የልጆቹ ራስ ይፈተሻል፣ በሌላው በረቱ ይፈተሻል።

ሁለቱን ሳህን ላይ መለየት ትዕግሥት ይፈልጋል። የዳቦ ሻጋታ በሦስት ቀን ሲንሰራፋ እነዚህ ግን ሳቡሮ በሚባለው ምግባቸው ላይ ተዘርተው ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ እንኳን ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። እንደ ጥጥ አይነፉም፤ ሰም የመሰለ፣ የተጨማደደ፣ ከሳህኑ ጋር የተጣበቀ ነገር ይሆናሉ። ሁለቱም ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ሲያገኙ ይፋፋሉ። ሌሎች ፈንገሶችን ለመለየት የምንመካባቸው ስፖሮች፣ ማለትም የፈንገስ ዘሮች፣ እነዚህ ሳህን ላይ ሲበቅሉ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ቫዮላሲየም እንደ ስሙ ሐምራዊ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ነገር ግን ቀለም የማያወጣ ቫዮላሲየምም አለ፣ እኔም ከዚያ በፊት ደጋግሜ አይቼው ነበር። ሁለቱ ስሞች የወጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ የአንዱ ትርጉም «ሐምራዊ»፣ የሌላው «ኪንታሮታማ» ነው። በዚያ ዘመን ፈንገስ በብዛት የሚሰየመው በመልኩ ነበርና፣ መልኩን ሲለውጥ ስሙ መንገድ መምራቱን ያቆማል።

ከልጁ ናሙና ሳህን ላይ የበቀለው የፈንገስ ክምችት፣ ኮሎኒው፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ግማሽ ሽምብራ ያህል ነበር፤ ነጭ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ መሐሉ የተኮማተረ። ሐምራዊ የሚባል ምልክት አልነበረበትም። የራሱ ቁስል ደግሞ እንደተለመደው ቆረቆር ደረቅና ቅርፊታማ አልነበረም፤ እንደ በሰለ ማንጎ ሲነኩት የሚሰረጉድ፣ ከየቀዳዳው መግል የሚያወጣ እብጠት ነበር። እንዲህ ያለው ቁጡ እብጠት በብዛት የሚታየው ፈንገሱ ከእንስሳ የመጣ ሲሆን ነው፤ ከሰው ጋር ለረጅም ዘመን የኖረው ቫዮላሲየም አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ ይቀመጣል፣ ከእንስሳ የተሻገረውን ግን የሰው ቆዳ እንደ እንግዳ ጠላት ይዋጋዋል። ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን ቫዮላሲየምም አልፎ አልፎ እንዲህ እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ለእያንዳንዱ የማይገጥም ምልክት አንድ ሰበብ ነበረኝ፤ ሰበቦቹም እያንዳንዳቸው እውነት ነበሩ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ማይክሮስኮፑ ነው። ፀጉር በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ሲርስ እንደ ረጠበ ጭድ ብርሃን ያሳልፋል። ቫዮላሲየም ከሆነ ስፖሮቹ በፀጉሩ ውስጥ፣ ሸምበቆ ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ጤፍ ይታያሉ። ቬሩኮሰም ከሆነ ግን ተለቅ ተለቅ ያሉ ስፖሮች ተሰልፈው ፀጉሩን ከውጭ እንደ እጅጌ ያለብሱታል። ያን ቀን ስላይዱ ላይ የነበረኝ መግል የለወሰው አንድ ስባሪ ፀጉር ነበር። ስፖሮቹን አየሁ። ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ የሚለውን ግን ዓይኔ ሳይሆን ልምዴ ወሰነው። ሌላ ፀጉር ማስመጣት እችል ነበር፤ ልጁ ገና ከግቢው አልወጣም ነበር። በዚያ ሳምንት ሰባት የቆረቆር ናሙና አይቼ ሰባቱም ቫዮላሲየም ነበሩ፤ ስምንተኛውንም በዚያው ስም ጻፍኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያፈሰስኩት በሌላ ሰው ደጅ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

## «መች ጠየቅሽኝ?»

ልጁን ለቀጠሮ ይዘውት የመጡት አያቱ ናቸው። እናቱ አራስ ስለነበሩ ከመጀመሪያውም ያመጡት እርሳቸው ነበሩ። ከላቦራቶሪው በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጁን በአንድ ጎን የአራት ዓመት እኅቱን በሌላው ጎን ይዘው ተቀምጠዋል። የልጁ ራስ እብጠት ጠፍቷል፤ ከቁንጮው በስተቀኝ ግን አንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ለስልሶ፣ ፀጉር ሳያበቅል ቀርቷል። እብጠቱ የፀጉሩን ሥር ይዞ ስለሄደ ያ ቦታ አይመለስም። ዝቅ ብዬ ስመለከተው የእኅቱ እጅጌ ወደ ላይ ተሰብስቦ አየሁ። ክንዷ ላይ ዳሩ የቀላ፣ መሐሉ የጠራ ክብ አለ።

«እማማ፣ የልጆቹን ራስ ሁሉ አስላጩ?» አልኳቸው። ውጤቴ ቀበሌያቸው ሲደርስ የጤና ባለሙያዋ ያዘዘችው ይህን ነበር።

«ላጨናቸው ልጄ፣ አንድም አልቀረ። ግን የሌሎቹ ራስ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበት።»

«ይህቺስ?»

«ይቺማ ጭርት ናት። የጥጃዋ እኮ ነው። ጥጃዋን ይዟት ዓይኗ ዙሪያ እንዲህ አመድ መስሎ ነበር። እሱ ነው የሚያስራት፤ አንገቷን አቅፎ ነው የሚውል። ይቺም እግር በእግር ትከተለዋለች።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

አያቲቱ አልተቆጡም። ፊቴን አየት አደረጉና «መች ጠየቅሽኝ ልጄ?» አሉ።

እዚያ ወንበር አጠገብ ቆሜ ያሰብኩትን ሁሉ አሁን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አልችልም። መጀመሪያ የመጣብኝ የምርመራ ማዘዣው ወረቀት ነው። ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የናሙና ዓይነት፣ የሐኪሙ ግምት፤ ከዚያ በላይ መስመር የለውም። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የፎገራ ከብት አገር ከሚባለው ስፍራ ለመጣ ልጅ፣ በቤቱ ጥጃ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣብኝ የራሴ አፍ ነው። ወረቀቱ ባይጠይቅ እኔ መጠየቅ እችል ነበር። አያቲቱ በመጀመሪያው ቀንም ያቺው ወንበር ላይ፣ ከበሬ ሦስት ርምጃ ርቀው፣ ውጤት የሚያወጣልኝን እውቀት በሙሉ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

ሌላው ቆይቶ የገባኝ ነገር ቋንቋቸው ነው። እኛ በአማርኛ ራስ ላይ ያለውን ቆረቆር፣ ገላ ላይ ያለውን ጭርት፣ አንገትና ደረት ላይ የሚዥጎረጎረውን ቋቁቻ እንላለን። ስያሜው የሚከተለው ቦታንና መልክን ስለሆነ ለላቦራቶሪ ሰው ግራ ያጋባል፤ አንዱ ፈንገስ ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር፣ ክንድ ላይ ሲወጣ ጭርት ይሆናል፣ ቋቁቻን የሚያመጣው ደግሞ ከነዚህ ጋር ዝምድና የሌለው፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ ነው። በሥልጠናዬ ዘመን እነዚህን ቃላት የተማርኩት እንደሚታለፉ ነገሮች ነበር፤ በሽተኛው ይላቸዋል፣ አንቺ ግን በትክክለኛው ስም ትጽፊያለሽ። አያቲቱ ግን በጥጃዋ ፊትና በልጅቷ ክንድ ላይ ያዩትን በአንድ ቃል ጠሩት። እኔ በላቲን ስም የለያየሁትን ልጅና ጥጃ እርሳቸው ጭርት በሚለው ቃል አንድ ላይ አስረው ይዘውታል። የለያየሁት ደግሞ ፊርማ ባለበት ወረቀት ነበር።

ከልጁ ናሙና ያበቀልኩት ፈንገስ፣ ካልቸሩ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ያን ጊዜ የነበረን ኢንኩቤተር አንድ ብቻ ነው፤ በ37 ዲግሪ ተሞልቶ ለባክቴሪያ የተያዘ። የፈንገስ ሳህኖቻችንን መደርደሪያ ላይ በክፍሉ ሙቀት እናስቀምጥ ነበር፤ ባሕር ዳርም ሞቃት ስለሆነች ለአብዛኞቹ ይበቃቸዋል። አብዛኞቹ የዚህ ወገን ፈንገሶች 37 ዲግሪ አይመቻቸውም። ቬሩኮሰም ግን በከብት ገላ ላይ የኖረ ስለሆነ ይመስላል ሙቀቱን ይወደዋል። ከልጁ ካልቸር ሁለት ሳህን ዘራሁ፤ አንዱን መደርደሪያው ላይ፣ ሌላውን ከባክቴሪያዎቹ ጎን ኢንኩቤተሩ ውስጥ አስቀመጥኩ። አያቲቱም በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጥጃዋ ግንባር የተላጠ ቅርፊት በደብተር ወረቀት ጠቅልለው ላኩልኝ።

የጥጃዋን ፀጉር መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳልል ብዙ ቆየሁ። እጅጌው በግልጽ ይታያል። ስፖር በስፖር ላይ ተሰልፎ ፀጉሩን ከውጭ ለብሶታል፣ የፀጉሩ ውስጥ ግን ባዶ ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መደርደሪያ ላይ ያለው የልጁ ሳህን እንደ ምስር ሆኖ ሲቀር ኢንኩቤተር ውስጥ ያለው ተቆልሎ፣ ተጨማዶ፣ እጥፉን በልጦት ነበር። ከእርሱ ጥቂት ቆንጥሬ ስላይድ ላይ ሳደርገው ወፋፍራም ክብ ሕዋሳት እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ተሰካክተው አየሁ። በ37 ዲግሪ እንዲህ ያለ ሰንሰለት የሚሠራው ቬሩኮሰም ነው። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገኝ አዲስ መሣሪያ አልነበረም፤ ኢንኩቤተሩ ከመጀመሪያውም ከመደርደሪያው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

## ስምን መልአክ ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል የሰው ስም ከዕጣው ጋር ይገጥማል ለማለት ነው። የፈንገስ ስም ግን ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ያነሳዋል፣ አንዳንዴም ስህተቱን ተሸክሞ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ሳሙኤል ዳርሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በፓናማ አስከሬን ሲመረምር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸው ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም የሚባል ፈንገስ አለ። ዳርሊንግ ያየው ነገር የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስን ስለመሰለው ፈንገስ መሆኑን አልጠረጠረም፤ በዙሪያውም ሽፋን ያለ ስለመሰለው «ሽፋን ያለው» ብሎ ሰየመው። ፍጡሩ ግን ፈንገስ ነው፣ ሽፋንም የለውም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው። እዚሁ በጣና ምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ አንድን በሽታ በለመዱት በሽታ ስም መጥራት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አያጣውም።

ያው ሂስቶፕላዝማ ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ባጃጅ እንዲህ ሳይበዛ በፊት ዕቃ ያመላልሱልን የነበሩትን የጋሪ ፈረሶች እግርና አንገት እያሳበጠ፣ እብጠቱን እንደ ገመድ እያሰለፈ፣ ወደ ቁስል የሚቀይር በሽታ አለ። በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ታይተው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናት 18.8 በመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። የበሽታው ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1883 ክሪፕቶኮከስ ተባለ፤ በ1934 ወደ ሂስቶፕላዝማ ወገን ተዛውሮ ፋርሲሚኖሰም የሚባል ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነ፤ በ1985 ደግሞ የካፕሱላተም አንድ ዓይነት ብቻ ነው ተብሎ ከዝርያነት ወረደ። የዘረ መል ጥናት ሲመጣም ከካፕሱላተም ቅርንጫፎች በአንዱ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። በዘሩ ካየነው የተለየ አይደለም። ባለ ጋሪው ግን የሚያየው በፈረስ ቆዳ ላይ የራሱን መንገድ የሚሄድ፣ እንጀራውን የሚቀማው በሽታ ነው። እኔ ዘሩን የሚከተለውን ምደባ እቀበላለሁ፤ ትክክልም ይመስለኛል። ነገር ግን በሽታው የሚኖርበት እንስሳ ስም ከውጤቱ ላይ ከጠፋ፣ ምደባው ትክክል ሆኖ ውጤቱ ዕውር ሊሆን እንደሚችል ከጥጃዋ ተምሬአለሁ።

በትሪኮፋይተኖችም ቤት ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው። በሰው እግር ጣት መሐልና በገላ ላይ የሚኖረው ሩብረምና የልጆች ራስ የሚወደው ቫዮላሲየም በሳህን ላይ ሲታዩ የሚቀራረቡ አይመስሉም፤ በዘረ መላቸው ግን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ስለዚህ መልክ ያታልላል፣ ዘር ያሳውቃል ብሎ መደምደም የሚቃጣው ሰው ይኖራል። እኔ እዚያ አልደርስም። ዘሩ ዝምድናቸውን ይነግረኛል፤ የሚኖሩበት የሰውነት ክፍል ደግሞ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ይነግረኛል። ለአንድ ቤተሰብ ምክር ለመስጠት ሁለተኛውን ሳላውቅ መጀመሪያውን ብቻ ይዤ መሄድ አልችልም።

የማሽን ነገርም አለ፤ ዘመናዊ መለያ ማሽን ቢኖርሽ ኖሮ ይህ አይደርስብሽም ነበር ያሉኝ ስለነበሩ ላንሣው። ካንዲዳ አውሪስ የተባለው እርሾ እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታካሚ ጆሮ ተገኝቶ ሲገለጽ አውሪስ የተባለው «ጆሮ» ለማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ደም ውስጥ እየገባ የሚገድል፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም፣ በሆስፒታል አልጋና ዕቃ ላይ ተጣብቆ ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚዛመት ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ከመጀመሪያው ረድፍ አስቀመጠው። በዚህ ሁሉ መሐል በየአገሩ ያሉ መለያ ማሽኖች ካንዲዳ ሄሙሎኒ እያሉ የቅርብ ዘመዱን ስም ይሰጡት ነበር፤ አውሪስ በመዝገባቸው ውስጥ አልነበረምና። ማሽኑ ያደረገው እኔ ያደረግሁትን ነው። ከሚያውቃቸው ስሞች መካከል የሚቀርበውን አነሣ። ልዩነቱ ማሽኑ አዲስ መዝገብ ሲጫንለት መታረሙ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚያርሙኝ አያት ነበሩኝ።

ለሐኪሙ ጥያቄ በከፊል የሚሆን መልስ ከመድኃኒቱ በኩልም አለ። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ በግሪሲዮፉልቪን ይሻላል፣ ትሪኮፋይተኖች ግን በአጠቃላይ ለተርቢናፊን ይመቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው ትሪኮፋይተን ኢንዶቲኔ ደግሞ በዓይን ሲታይ ከዘመዶቹ አይለይም፤ ብዙ ጊዜ ግን ተርቢናፊን አይበግረውም። እንግዲህ መድኃኒቱ አንድ የሚሆነው ስሙ የታደለ ዕለት ነው። ነገር ግን ይህን መልስ ሐኪሙ ራሱ ያውቀዋል፤ የእኔ መልስ ይህ አይደለም።

## ቶንዶሱ

የእኔ መልስ በሐሙሲት መንገድ ዳር ያለ አንድ ሰው ነው። ውጤቴ «ከሰው ወደ ሰው በፀጉር መቁረጫ ይተላለፋል» ከሚል ምክር ጋር ቀበሌው ሲደርስ፣ የልጆቹን ፀጉር የሚቆርጥ ማን እንደሆነ መጠየቁ አልቀረም። የጤና ባለሙያዋ ያደረገችው ማድረግ የሚገባትን ነው። ሰውየው በአንድ ክፍል ቤት፣ በአንድ መስተዋትና በአንድ ቶንዶስ የሚተዳደር ጎልማሳ ነበር። ቆረቆር የሚያሲዝ ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ መውሰድ ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ጥጃዋ ከልጆቹ መኝታ ሁለት ርምጃ በማይሞላ ቦታ ታስራ ታድር ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ላሟ ያደረችበትን ሳናይ ቀረን። የልጅቷ ክንድ ክብ የወጣው በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስሙ የጨመረውን ወይም ያጎደለውን ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን አሳየዋለሁ።

የታረመውን ውጤት በፖስታ መላክ እችል ነበር። ራሴ ሄድኩ። መጀመሪያ አያቲቱ ቤት ገብቼ ጥጃዋን አየሁ፤ ግራ ዓይኗ ዙሪያ ፀጉር መብቀል ጀምሯል፣ ቅርፊቱ ከተላጠበት ስር ቆዳው ሮዝ ሆኖ ይታያል። ከብቶች ከዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይድናሉ፤ የወደቀው ቅርፊት ግን በበረት እንጨት ላይ ፈንገሱን ለዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የማሰሪያውን ምሰሶ ከልጁ አባት ጋር አብረን ፋቅን፣ አቃጠልን፣ ጥጃዋም ከመኝታው ርቃ እንድትታሰር ተስማማን። ልጁ ይህን አልወደደውም። አንገቷን ማቀፍ ለጊዜው እንዲተው ስነግረው ፊቱን ወደ አያቱ ነጠላ አዞረ።

ከዚያ ወደ ፀጉር ቆራጩ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን ጽፌ እንደነበር፣ አሁን ምን እንዳወቅሁ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ሰማኝ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ከመሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቶንዶስ አወጣና ጨርቁን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «እንግዲያስ እህቴ፣ ይህንንም መርምሪው» አለ። የአንድ ቶንዶስ ናሙና ስለዚያ ቀን ብቻ እንጂ ስላለፈው ወር እንደማይናገር ነገርኩት፤ በየልጁ መሐል ጥርሱን በአልኮል ማጽዳት እንዳለበትም ጨመርኩ፣ ቫዮላሲየም በእርግጥ በዚህ መንገድ ይሄዳልና። «ገብቶኛል፤ አንቺ ብቻ መርምሪው» አለ።

ከጥርሶቹ መሐል ፀጉርና ቅርፊት ጠርጌ ወሰድኩ። ሁለት ሳህን ዘራሁ፤ አንዱን መደርደሪያው ላይ፣ አንዱን ኢንኩቤተሩ ውስጥ። አራት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ በውጤት ወረቀት ላይ የናሙናውን ዓይነት «ቶንዶስ»፣ ውጤቱን «ፈንገስ አልበቀለም» ብዬ፣ ቀኑን በግልጽ ጽፌ ፈረምኩና ላክሁለት። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ሳልፍ ወረቀቷ በመስተዋቱ ጎን፣ ተቀምጦ የሚቆረጥ ሰው ሁሉ ቀና ሲል በሚያያት ቦታ ተለጥፋለች።